የማን ልጅ ነህ?

በአዲ አርቃይ አንድ ሕፃን ከቤቱ ርቆ ሲታይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል። ጠያቂው ከገበያ የሚመለስ ገበሬ፣ በደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትል አሮጊት፣ ወይም ከመኪና ላይ ጭነት የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ልጁ የአባቱን ስም ሲናገር ነገሩ ያልቃል። በዚያች ከተማ የአባት ስም መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ አድራሻም ነው፣ ዋስም ነው። ስሙን የሰማ ሰው የቤቱን በር ያውቃል፤ ልጁ ከራበው ያጎርሰዋል፣ ካጠፋ ይቆጣዋል፣ ከመሸበትም እጁን ይዞ ለእናቱ ያስረክበዋል። ስለዚህም የአዲ አርቃይ እናት ልጇ ከዐይኗ ሲሰወር አትደነግጥም። ልጁ ከእርሷ ዐይን ቢወጣ በሌላ ሰው ዐይን ውስጥ መሆኑን ታውቃለችና።

አዲ አርቃይ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ዛሪማን ተሻግሮ ወደ ተከዜ በሚያመራው ጎዳና ላይ የተቆረቆረች፣ የስሜን ተራሮች በራስጌዋ የቆሙላት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የኑሮዋ ምስክር ነው፤ «አዲ» በትግርኛ አገር ወይም መንደር ማለት ነው። ነዋሪዋም ከደጋው በሚወርደውና ከተከዜ ማዶ በሚመጣው ገበያተኛ መካከል ሆኖ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረ በመሆኑ፣ ጆሮው ከአንድ በላይ ቋንቋ የለመደ ነው። ሕፃናቱም የሁለቱን ቋንቋ ቃላት እንደ ብይ በአንድ ኪስ ይዘው ያድጋሉ።

የማን ልጅነት ጥያቄ ተራራ ሲሻገር ምን እንደሚሆን በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከዚህች ከተማ ወደ ጎንደር የተዛወረ የአንድ መምህር ቤተሰብ ጠንቅቆ ያውቃል። አባትዬው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረ፣ እናትዬዋ በገበያ ቀን በርበሬና ሽሮ ሸጣ ቤቷን የምትደጉም ነበረች። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ የዐሥር ዓመት ልጅ፣ መካከለኛው ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ፣ ታናሺቱ ደግሞ ገና ስድስት ወር የሆናት አራስ ልጅ።

ቤቱን ከሥሩ ነቅሎ ያስነሣው የዚህችው የሕፃኒቱ እግር ነው። አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሞ ተወለደች። ይህ ዐይነቱ እግር በቀዶ ሕክምና ብዙ ሳይነካ ሊቃና እንደሚችል ዛሬ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ፖንሴቲ በተባለው ሐኪም ስም የሚጠራው ዘዴ እግሩን በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ እያቃና በጄሶ ማሰርን፣ ከዚያም ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በመኝታ ሰዓት የሚታሰር ልዩ ጫማ ማድረግን ይጠይቃል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ የሚፈልገው ግን ትዕግሥትና ቅርበት ነው። በየሳምንቱ ከአዲ አርቃይ ጎንደር ሆስፒታል መመላለስ ለአንድ መምህር ደመወዝም፣ ለአንዲት እናት ጀርባም የሚቻል አልነበረም። አባት ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ዝውውር በዚያው ዓመት ሲፈቀድለት፣ ባልና ሚስት እንደ ምልክት ቆጠሩት።

ነሐሴ ውስጥ በአንድ አይሱዙ መኪና ላይ ዕቃቸውን ጫኑ። ከቀበሌው መሸኛ ተጽፎላቸው ነበር፤ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ዕድሜና ጾታ በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ትልቋም ከትምህርት ቤቷ መልቀቂያ ይዛለች። ሆኖም ወረቀቱ የማይሸኘው ነገር ብዙ ነበር። የኩኩሉ ጓደኞች በመሸኛ አይዛወሩም፤ ልጅ ሲያለቅስ ከአጥሩ ማዶ «ምን ሆነ?» የሚል የጎረቤት ድምፅም በአይሱዙ አይጫንም።

ሊማሊሞን ሲወጡ ጉም ነበር። ጣሊያኖች አገሪቱን በወረሩባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከዓለቱ ፈልፍለው ያወጡት ይህ መንገድ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነው። መካከለኛው ልጅ ጥምዝምዙን በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ጣቶቹ ስላለቁበት ተወው። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደባርቅ ሲደርሱ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና እናት ጋቢዋን ለሦስቱም ልጆች አከናነበች። ልጁ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ አባቱን ጠየቀ።

«አባዬ፣ እዚያ ማን ያውቀናል?»

መምህሩ ለተማሪ ጥያቄ መልስ ማጣት አይወድም። «ይለምዱናል» አለው። ልጁ ግን የጠየቀው ስለ ማወቅ እንጂ ስለ መልመድ አልነበረም።

ጎንደር የገቡት ሲመሽ ነው። የተከራዩት ከመካከለኛው ከተማ ራቅ ባለ ሠፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በመስመር ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ነበር። ግቢው አምስት አባወራ ይኖርበታል፤ በራፉ ግን አንድ ነው፣ የውኃ ቧንቧውም አንድ ነው። የከተማይቱ ውኃ በፈረቃ የሚለቀቅ በመሆኑ፣ ቧንቧው ሲንጫረር ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል፤ ውኃው ሲሄድ ሁሉም በሩን ይዘጋል። አባት በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ እርሱን የሚጠብቅ ጠረጴዛ፣ ኖራና የሥራ ባልደረባ ነበረው። ትልቋም ብዙ ሳትቆይ ደብተሯን ይዛ ወጣች። በአንዲቱ ክፍል ውስጥ የቀረችው እናት ናት፤ ከሁለት ልጅና በጄሶ ከታሰረች አንዲት ትንሽ እግር ጋር።

ስለ መዛወር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ደመወዝ ነው። እነዚህ በእርግጥ ከባድ ናቸው። ነገር ግን ለአንዲት የትንንሽ ልጆች እናት ከሁሉ የሚከብደው በመዝገብ የማይሰፍረው ኪሣራ ነው። በአዲ አርቃይ ሳለች ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አራሷን ለጎረቤት ትሰጥ ነበር፤ ገበያ ስትውል መካከለኛው የሚበላው ከየትኛው ቤት እንደሆነ ሳትጠይቅ ትመለስ ነበር። አራት አምስት ሴቶች አንድ እናት ሆነው ሃያ ልጅ ያሳድጋሉ። ጎንደር ስትገባ ይህ ሁሉ ተቋርጦ፣ ሦስት ልጅ ለአንዲት ሴት ሆነ። ሕፃኒቱን አዝላ ጀሪካን ትሸከማለች፤ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ በድምፅ ትጠብቃቸዋለች። ማታ ባሏ ሲመለስ «ምን ዋልሽ?» ቢላት የምትናገረው አልነበራትም፤ ምንም ሳትውል ደክሟታልና።

መካከለኛውም በመስከረም አንደኛ ክፍል ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ አፉን ዘግቶ መጣ። ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ነገር ሲያስረዳ ከአማርኛው መካከል አንድ የትግርኛ ቃል አምልጦት ልጆቹ ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ለቀናት፣ ቃሉ የየትኛው ኪስ እንደሆነ ሳይለይ መናገር ፈራ፤ መምህርቱ ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። እናትና አባት በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። አባት «ቶሎ ከተማውን መምሰል አለበት» አለ፤ ቤት ውስጥም ቃሉን ያርመው ጀመር። እናት ግን «አፉን ስትቆርጥበት እኔንም ትቆርጠኛለህ፤ ይህን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለችው። መምህሩ ዝም አለ። በማግሥቱ ልጁን ይዞ እየሄደ የአዲ አርቃይን ስም ትርጉም ነገረው። «አየህ» አለው፣ «የተወለድክባት ከተማ ስሟን የምትጠራው ከሁለት ቋንቋ ነው። ሁለት ኪስ ያለው ልጅ ብይ አይጠፋበትም።» ልጁ ወዲያው አልተናገረም፤ ግን ሣቀ።

ከባዱ ቀን የመጣው በጥቅምት ነው። ቅዳሜ ገበያ የጎንደር ሕዝብ ሁሉ የሚጋፋበት ስፍራ ነው። እናት አራሷን አዝላ፣ በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው መካከለኛውን ይዛ ሄደች። ልጁ የተቀዳደደ ጃንጥላ የሚጠግን ሰው አይቶ ቆመ፤ ሰውየው የጃንጥላውን የብረት ጎድን አንድ በአንድ ሲያቀና ተመልክቶ፣ የእኅቱን እግር የሚያቀኑት ሐኪሞች ትዝ ብለውት ይሆናል፣ ዐይኑን መንቀል አቃተው። እናት ዋጋ ለመጠየቅ እጁን የለቀቀችው ለአንድ አፍታ ነበር። ዘወር ስትል ልጁ የለም።

ለአንድ ሰዓት ያህል ገበያውን ዞረች። በአዲ አርቃይ ቢሆን ኖሮ የልጇን ስም አንድ ጊዜ ብትጠራ ገበያው ሁሉ ተቀባብሎ ይጠራላት ነበር። እዚህ ግን ስሙን ስትጠራ ሌሎች ብዙ ልጆች ዘወር አሉ፤ የርሷ ግን አልነበረባቸውም። ልጁም በበኩሉ ሰዎች ከበውት «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት ደስ አለው፤ የሚያውቀው ጥያቄ ነበር። የአባቱን ስም በሙሉ ድምፅ ተናገረ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ቤታችሁስ የት ነው?» አሉት። «ከዋርካው አጠገብ፤ አዲ አርቃይ» አላቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱ ስም በር ሳይከፍት ቀረ። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ።

ያዳነችው አንዲት በርበሬ ሻጭ ናት። ከጎኗ አስቀምጣው፣ ቆሎ ዘግና በመዳፉ ሰጥታው፣ «አትንቀሳቀስ፤ እናት የጠፋባትን የምትፈልገው ካጣችበት ነው» አለችው። እንዳለችውም እናት ተመልሳ መጣች። አልቅሳ፣ ልጇን አቅፋ፣ ሴቲቱን ስታመሰግን በርበሬ ሻጯ እንዲህ አለቻት፤ «ልጅሽ ስሙን ያውቃል፤ አባቱንም ያውቃል። ያልነገራችሁት የገባበትን አገር ነው። ደግሞ ፊትሽን ሳየው አንቺም አላወቅሽውም።»

በዚያ ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናት ለባሏ ቁርጡን ነገረችው። የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲያበቃ ልጆቿን ይዛ ወደ አዲ አርቃይ ትመለሳለች። አባት ስለ ሕፃኒቱ እግር አነሣ፤ ጄሶው አልቆ ጫማው ተጀምሯል፤ ክትትሉ ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ሊጣመም እንደሚችል ሐኪሞቹ አስጠንቅቀዋል። እናት ይህን ከርሱ በላይ ታውቀዋለች፤ ጫማውን በየማታው የምታስረው እርሷ ናትና። «የአንዷን እግር ሳቀና የሌሎቹን ልብ ላጣምም ወይ?» አለችው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው አልነበረም። ከሁለቱም ወገን የቆመው እውነት ነበር።

ነገሩን የፈታው ትልቅ ሰው አይደለም። ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ እናት ቡና ቆላች። ጎንደር ከገባች ወዲህ ቡና የምታፈላው ለራሷና ለባሏ ብቻ ነበር፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናውን ይደፉታል፤ በረካ የሚባለው ተረስቷል። በአዲ አርቃይ ግን የመካከለኛው ልጅ የሥራ ድርሻ የታወቀ ነበር። የቡናው ሽታ ሲወጣ እየሮጠ በየቤቱ ደጃፍ «እማዬ ቡና ደርሷል ብላለች» እያለ መጥራት። በዚያ እሑድ እናት ሳታዘው፣ አባትም ሳያየው፣ ልጁ ወጣ። የግቢውን አራት በሮች አንኳኳ። በየበሩም ያችኑ ቃል ደገመ።

እናት የቤቱ በር ሲጨልም ቀና አለች። የግቢው ባለቤት አሮጊት በእጃቸው ቂጣ ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ከርሷ ኋላ የባጃጅ ነጂው ሚስት ልጇን ታቅፋ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የነርስነት ትምህርት የምትከታተለው ወጣት። እናት አፈረች፤ ስኒው ሦስት ብቻ ነበር። አሮጊቲቱ ገብተው ተቀመጡና «ስኒ ከኔ ቤት ይምጣ። ሦስት ወር ሙሉ የቡናሽ ሽታ ሲጠራን ደጅሽ ግን ዝግ ነበር፤ ኮርታብናለች ብለን ትተንሽ ነበር» አሏት። እናት በመገረም አየቻቸው። «እማማ፣ እኔኮ እናንተ የከተማ ሰዎች ናችሁ፤ እንግዳ አትፈልጉም ብዬ ነው» አለች።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ልጅ የጠራው ቡና ግን እስከ በረካ ደረሰ። ጨዋታው ሲሞቅ አንድ ያልታሰበ ነገር ታወቀ። አሮጊቲቱ ከደምቢያ በሙሽርነት የመጡ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ዓመት በለቅሶ እንዳሳለፉት ተናገሩ። የልብስ ሰፊው ሚስት ከበለሳ፣ የባጃጅ ነጂው ሚስት ከወገራ፣ ተማሪዋ ከጭልጋ ናቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ ጎንደር የተወለደ ትልቅ ሰው አንድም አልነበረም። እያንዳንዷ ግን ሌላይቱን የአገሩ ባለቤት፣ ራሷን ብቻ እንግዳ አድርጋ ስትቆጥር ኖራለች። አምስት እንግዶች አምስት በር ዘግተው፣ ባለቤቱ ወጥቶ እስኪጋብዛቸው ይጠባበቁ ነበር። ባለቤት የሚባል ሰው ግን አልነበረም።

ይህ የአንድ ግቢ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የከተማይቱም ታሪክ ነው። ከዐፄ ፋሲል በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ በድንኳን የሚዛወሩ ነበሩ፤ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ስትቆረቆር፣ ተንቀሳቃሹ ከተማ ጉዞውን አቁሞ በድንጋይና በኖራ ተተከለ። ከንጉሡ ጋር ካህኑ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ግንበኛው ከየአቅጣጫው መጡ። አቡኑ የሰፈሩበት አቡን ቤት፣ እጨጌው የሰፈሩበት እጨጌ ቤት ተባለ፤ ሙስሊሞች ነጋዴዎችና ሸማኔዎች በአዲስ ዓለም፣ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራትና በግንበኝነት የታወቁት ቤተ እስራኤሎችም በየራሳቸው ሠፈር ኖሩ። የሠፈሮቹ ስም «ቤት» በሚል ቃል የተቋጨው ያለ ምክንያት አይመስልም። አዲስ መጥ የሆነ ሰው በከተማው ውስጥ «የማን ቤት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሊኖረው ይገባ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣም፣ ነዋሪው በቀበሌ ተደራጀ፤ ጥያቄውም «የየትኛው ቀበሌ ነህ?» ወደሚል ተለወጠ። ዘመኑ ሲለወጥ ጥያቄው ቃሉን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ግንብ ጎብኚ የሚያደንቀው የከተማይቱ ገጽ ነው፤ የከተማይቱ ሥራ ግን ያኔም ሆነ ዛሬ የመጣውን ሁሉ የአንድ ቤት ሰው ማድረግ ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ኑሮው ባንድ ጊዜ አልተቃናም፤ እንደ ሕፃኒቱ እግር ጥቂት በጥቂት ነው የቀናው። መጀመሪያ አሮጊቲቱ ሕፃኒቱን ለግማሽ ሰዓት ይይዟት ጀመር፤ ቀጥሎ የባጃጅ ነጂው ሚስት መካከለኛውን ከራሷ ልጅ ጋር ከትምህርት ቤት ታመጣው ገባች። እናትም በፈንታዋ የልብስ ሰፊውን ሚስት አራስ ቤት ገብታ ገንፎ አገነፋች። ባል በሠፈሩ እድር ተመዘገበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማያውቀው ሰው ቀብር አካፋ ይዞ ሲወጣ፣ የከተማው ሰው የመሆን ስሜት የተሰማው ያን ዕለት እንደሆነ ለሚስቱ ነገራት። ጥር 11 ቀን ልጆቹ በፋሲል መዋኛ ጥምቀትን ሲያከብሩ፣ እናት የሦስቱንም እጅ አልያዘችም፤ የግቢው ሴቶች ሰባቱን ልጆች ተከፋፍለው ይዘው ነበር። የግማሽ ዓመቱ ትምህርት አበቃ። ስለ መመለስ የተነገረው ቃል አልተነሣም፤ ማንም ረሳው ማለት ግን አይደለም።

እናት ግን አንድ ነገር አልተወችም። ልጆቿ የቤቱን አድራሻ በጎንደር መንገድ ሁሉ እንዲያውቁ አደረገች፤ ቀበሌውን፣ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው ያለውን ምልክት፣ የአሮጊቲቱን ስም። በዚያው አንደበት ደግሞ ዋርካውን፣ የአያታቸውን ደጃፍ፣ ከግቢው በላይ የቆመውን ተራራ ታስጠራቸው ነበር። «አዲሱን ያወቀ አሮጌውን ይርሳ ያለው ማነው?» ትላለች። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የግቢው ልጆች ወራቱን በአንዲት ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አሳለፉ፤ መካከለኛው ከአዲ አርቃይ ያመጣውን የጨዋታ ሕግ የጎንደር ልጆች ተቀብለውት ነበር። ከሁለተኛው ኪሱ ያወጣቸው ቃላትም በግቢው የሚታወቁ ሆኑ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲ አርቃይ ደረሰ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ አሮጊቱን ደግፎ የሊማሊሞን ዳገት ወጣ፤ ደባርቅና ዳባት፣ ከዚያም ጎንደር በተፈናቃይ ተሞሉ። ከመምህሩ ቤት የገቡት የሚስቱ እናት፣ የእኅቷ ሁለት ልጆችና አንድ ጎረቤት ነበሩ። ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ታናሽየው ስድስት ዓመቱ ነው፤ መካከለኛው ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣበት ዕድሜ።

አንዲቱ ክፍል አልበቃችም። ግቢው ግን በቃ። አያቲቱ አሮጊቲቱ ዘንድ ተኙ፤ ልብስ ሰፊው ለሁለቱ ልጆች ከተረፈው ጨርቅ ሱሪ ሰፋላቸው፤ የእድሩ ሴቶች እንጀራ እየያዙ መጡ። ማንም በር ዘግቶ ባለቤቱን አልጠበቀም። እናት ከአገሯ የመጡትን ስትቀበል የተጠቀመችበት ልምድ፣ በሦስት ወር ብቸኝነትና በአንድ እሑድ ቡና የተማረችው ነው። እርሷ እንደ እነርሱ በጦር ተባርራ አልመጣችም፤ የመንግሥት ዝውውርና መሸኛ ይዛ ነው የመጣችው። ሐዘናቸው ከሐዘኗ እንደሚበልጥ ታውቃለች። ሆኖም ሕፃን ሲጠየቅ መልስ የሚያጣበትን ስፍራ ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ቀን እናት በመስኮት አየች። መካከለኛው፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ የአክስቱን ልጅ ከግቢው በራፍ አቁሞ ያስተምረዋል። ታናሺቱ በሁለት ቀና እግሯ እየሮጠች ትዞራቸዋለች፤ ጫማው የቀራት ለመኝታ ብቻ ነው።

«የማን ልጅ ነህ ቢሉህ ምን ትላለህ?»

እንግዳው ልጅ የአባቱን ስም ተናገረ።

«እሱን በል፤ አትተወው» አለው መካከለኛው። «ግን እዚህ እሱን ብቻ ካልክ አያውቁትም። ቀጥሎ የእማማን ስም ጨምር። ቀጥሎ የዚህን ግቢ ልጅ ነኝ በል። በርበሬ ሻጯን ካየሃት ደግሞ ከጎኗ ተቀመጥ።»

እናት ከመስኮቱ ዞር አለች። መምህሩ ለዓመታት ስለ አገር፣ ስለ ኅብረተሰብ፣ ስለ አብሮ መኖር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጽፏል። ልጁ በሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገረውን ያህል ግልጽ አድርጎ ጽፎ እንደማያውቅ ለሚስቱ ሳይሸሽግ ነገራት።

ከተሞች ያድጋሉ፤ ከየገጠሩና ከየትንሹ ከተማ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይገባባቸዋል፤ አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ሸሽቶ። መንገድ፣ ቧንቧና ትምህርት ቤት ይሠራላቸዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ልጅን ግን የሚያሳድገው ቧንቧው ሳይሆን በቧንቧው ዙሪያ ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት ሰዎች ናቸው። አዲስ የገባ ቤተሰብ ልጅ በክፍሉ ሲቀመጥ የመጣበትን አገር የሚጠይቀው መምህር፣ ቤት ለቤት ሲመዘግብ «ልጆቻችሁን ማን ያውቃቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ቡና ሲሸት ሳይጠራ የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አባቶች ጎረቤት በራሱ ቅርብ ይሆናል አላሉም፤ ግድግዳ መጋራትና መቀራረብ የተለያዩ ናቸው።

በዚያ ክረምት መጨረሻ አንድ ቀን አያቲቱ ከደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ፣ አንድ የማያውቁት ሕፃን በግቢው በር ገብቶ ቆመ። አንድም ከሠፈሩ የጠፋ፣ አንድም እንደ እነርሱ የመጣ ይሆናል። አሮጊቷ እንዝርታቸውን አቁመው፣ አዲ አርቃይ ሳሉ እንደሚያደርጉት፣ ቀና ብለው ጠየቁት።

«የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ አልመለሰም። መካከለኛው ግን ከጨዋታው ሳይነሣ «የኛ ነው፤ ይግባ» አለ።